ቡሳን ውስጥ የቃኘው ዘማች መቃብር እንዴት ይገኛል?

ሰናይ23፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት ቡሳን እሄዳለሁ። የአያቴ ታላቅ ወንድም ኮሪያ በዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ በቃኘው ሻለቃ፣ ተሰልፈው በ1944 እዚያው ነው የወደቁት። በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያውያን ክፍል በየት በኩል ነው? የመቃብር ቁጥራቸውንስ ማን ይሰጠኛል?

አፍንጮበር፦ የኢትዮጵያ ክፍል ብለህ አትድከም፤ ዛሬ እዚያ ያረፈ ኢትዮጵያዊ የለም። ከ1951 እስከ 1954 (እ.ኤ.አ.) 11,000 ያህል የ21 አገር ወታደሮች ተቀብረውበት ነበር፤ የኛዎቹም ጭምር። ኋላ ኢትዮጵያ፣ ግሪክ፣ ኮሎምቢያና ታይላንድ የየራሳቸውን አፅም በሙሉ አወጡ፤ አሜሪካም አብዛኛውን። እንግሊዝና ቱርክ ግን ባሉበት ይረፉ አሉ። አሁን የቀረው 2,300 ገደማ መቃብር ነው፤ 462ቱ የቱርክ።

ያንተ ቦታ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የስም ግድግዳ ነው። ጥቁር እብነ በረድ ላይ 40,896 ስም ተቀርጿል፤ የኢትዮጵያ 122።

ቀለም_ቆጣሪ፦ ብዙ ሰው ግድግዳው ፊት ቆሞ «የለም» ብሎ የሚመለሰው በፊደሉ ነው። ስሙ የተጻፈው በላቲን፣ ያኔ ጸሐፊው እንደሰማው ነው። «ፀ» በቲና ኤስ ወይም በኤስ ብቻ፣ «ቀ» በኬ ወይም በኪው ሊመጣ ይችላል፤ «ገብረ» እና «ወልደ» ተጣብቀውም ተነጣጥለውም ይገኛሉ። ቅደም ተከተሉ በአባት ስም ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ፈልግ። ከመሄድህ በፊት አራት አምስት አጻጻፍ ወረቀት ላይ ያዝ።

ዓመቱንም ለውጠው። የቤተሰቡ 1944 በነሱ መዝገብ ከመስከረም 1951 እስከ መስከረም 1952 ነው። በ1944 ብለህ ብትጠይቅ፣ ጦርነቱ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል!

ሃንጋንግ፦ በምድር ባቡር 2ኛ መስመር ዴዮን ጣቢያ ውረድ፤ ከዚያ በእግር ይደረሳል። መግቢያ በነፃ ነው። ባንዲራው ጠዋት 4 ሰዓት ይሰቀላል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ይወርዳል፤ ከመውረዱ በፊት ድረስ። ድንጋዩ እንደ መስታወት ስለሚያንፀባርቅ ስሙን ፊት ለፊት ካነሳኸው የምታየው ራስህን ነው፤ ጎን ሆነህ አንሳ።

ሴኡል ካለፍክ ሳምጋክጂ ጣቢያ አጠገብ ያለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ኮሪደር ላይም የወደቁት ስም በየአገሩ አለ። ሰኞ ዝግ ነው።

ሰናይ23፦ ቹንቾን ያለው የኢትዮጵያ ሐውልት ላይስ?

አፍንጮበር፦ እሱ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀው ነው። አጠገቡ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። ከሴኡል በባቡር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሞላል፤ ከቡሳን ተነስተህ ግን አትሞክረው።