ጥያቄ፦ 300 የራጅ ባለሙያዎችን ይዤ የጨረራና የካንሰር ጥናት መሥራት እችላለሁ?

የኤምፒኤች ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለኤምፒኤች (የሕዝብ ጤና ማስተርስ) መመረቂያ ጽሑፌ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የሚሠሩ የራጅና የሲቲ ስካን ባለሙያዎችን ማጥናት አስቤ ነበር። መነሻ የሆነኝ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኒውክሌር ሠራተኞች ጥናት ነው፤ ለዓመታት በትንሽ በትንሹ የሚገባ ጨረራ የካንሰርን ሞት ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። 300 ያህል ሰው ማግኘት እችላለሁ። አማካሪዬ ግን «ናሙናሽ አይበቃም» ብለው ፕሮፖዛሉን መለሱብኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

የስታትስቲክስ መምህር፦
አማካሪሽ እውነታቸውን ነው። ያ ጥናት ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ 309,932 ሠራተኞችን ነው የያዘው፤ የአንዳንዶቹ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1944 ይጀምራል። ከእነሱ ውስጥ 28,089 ሰዎች ዕጢ በሚፈጥሩ ካንሰሮች ሞተዋል። የተገኘው ጭማሪ በአንድ ግሬይ (ሰውነት የተቀበለው ጨረራ መለኪያ፤ 1,000 ሚሊግሬይ ነው) 52 በመቶ ነው። በሥራ ዘመኑ በጠቅላላ 20 ሚሊግሬይ የገባበት ሰው ላይ ሲሰላ 1 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ 100 የነበረው የካንሰር ሞት 101 ሆነ ማለት ነው። ይህን በ300 ሰው፣ ያውም አብዛኛው ገና ወጣት በሆነበት፣ በምንም ስሌት አታገኚውም። ጭማሪ ሳታገኚ ብትቀሪ ደግሞ «ጨረራው አይጎዳም ተባለ» ብሎ የሚወስደው ይበዛል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ጠያቂ ከልደታ፦
ሲጋራስ? ማን እንደሚያጨስ መዝግበዋል?

የስታትስቲክስ መምህር፦
ለሁሉም ሰው አልተመዘገበም። ስለዚህ የሳንባ ካንሰርን አውጥተው እንደገና አሰሉት፤ ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም።

የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ካንሰሩን ተይውና መጠኑን አጥኚ። እነዚያ አገሮች ይህን መሥራት የቻሉት የእያንዳንዱን ሠራተኛ የባጅ (ልብስ ላይ ተሰክቶ የገባውን ጨረራ የሚመዘግብ መለኪያ) ንባብ ለአሥርተ ዓመታት አስቀምጠው ከሞት መዝገብ ጋር ስላገናኙት ነው። እኛ ዘንድ ባጅ የሚያደርገው ስንቱ ነው? በየስንት ጊዜው ይነበባል? ሠራተኛው ቦታ ሲቀይር መዝገቡ አብሮት ይሄዳል? ለሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው (በራጅ ጨረራ ለመላው ሰውነት ሲሰላ ከሚሊግሬይ ጋር በቁጥር ተቀራራቢ ነው)፤ በአንድም ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ንባቦቹን ከዚህ ጋር ማወዳደር በ300 ሰው በደንብ ይሠራል። ዛሬ ያልተመዘገበውን መጠን ከ30 ዓመት በኋላ ማንም ሊፈልገው አይችልም።

የራጅ ባለሙያ፣ ፒያሳ፦
ከመጠይቁ እንዳይቀርብሽ የምለው አለኝ። ስንት ቦታ እንደሚሠሩ ጠይቂ። ብዙዎቻችን ቀን መንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ የግል ክሊኒክ ነን፤ ባጁ የቀኑ ቦታ ይቀራል፣ የማታው አይቆጠርም። ሌላው፣ ሌድ አፕሮኑ (ጨረራ የሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ) ላይ እንደተሰካ ራጅ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የሚያድር ባጅ አይቻለሁ። ለባሹ ሳይኖር ሲነሣ የዋለውን ራጅ ሁሉ ያነባል። ባጁን ከአፕሮኑ ሥር ነው ወይስ ከላይ የሚያደርጉት፣ እሱንም ጠይቂ። ሕፃን ይዘው የሚያነሡትን ደግሞ ለብቻ።

የኤምፒኤች ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ርዕሱን ወደ ባጅ አጠቃቀምና የመጠን መዝገብ እቀይረዋለሁ። ንባቡን ከተቋሙ ብቻ ብወስድ ይበቃል? ንባብ የሌላቸውን ወራትስ ምን ላድርጋቸው?

የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያ፦
አይበቃም፤ ተቋሙም ሠራተኛውም ይፍቀዱልሽ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ያንን ነው የሚጠይቅሽ። ንባብ የሌለውን ወር ዜሮ ብለሽ እንዳትሞዪው። ባዶ መሆኑን መዝግቢና ምክንያቱን ከጎኑ ጻፊ፦ ባጁ ጠፍቶ፣ ሳይላክ ቀርቶ ወይም ሰውየው ፈቃድ ላይ ሆኖ።