«ፍንጭ»፣ «ዱካ» እና «መሸወጃ»፦ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

ጠያቂዋ፣ ከሀዋሳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሀዋሳ መጽሐፍ የምንወድ ጓደኛሞች አለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት አሞራ ገደል ዓሣችንን እየበላን ኮናን ዶይል በጻፋቸው በመርማሪው በሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች እንከራከራለን። ሰሞኑን ግን ክርክሩ ታሪኩን ትቶ ቃላት ላይ ወደቀ። አንዱ ጓደኛችን ትንሽ ነገር ባየ ቁጥር «ይሄ ፍንጭ ነው!» ይላል። የሆምስ ጓደኛ ዋትሰን ሻይ ጠጣ፣ ፍንጭ። ዝናብ ዘነበ፣ ፍንጭ። ሌላዋ ደግሞ ሁሉንም «ሰምና ወርቅ» ብላ ትገላገላለች። እኔ ግን ደራሲው አውቆ የደበቀውን፣ ወንጀለኛው ሳያውቅ ጥሎት የሄደውን፣ እኛን ለማሳሳት የተቀመጠውን በአንድ ስም መጥራት አልዋጥልሽ ብሎኛል። በተለይ ለዚያ አሳሳቹ ነገር ምን እንበል? እንግሊዞቹ «ቀይ ዓሣ» ይሉታል። እዚህ «ቀይ ዓሣ» ብል «ጥብስ ነው ለብለብ?» ነው የምባለው። ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ካሉ እባክዎ ይገላግሉን።

ጋሼ፣ ጡረተኛው የአማርኛ መምህር፦

አለሁ ልጄ። መጀመሪያ ስሙን ተዪውና ግሡን እዪ። ፍንጭ ምን ይደረጋል? ይሰጣል፣ ይገኛል። ዱካስ? ይከተሉታል፣ ያጠፉታል፣ ይጠፋባቸዋል። ዱካን ማንም ለማንም አይሰጥም፤ የሄደ ሰው እግሩ መሬት ስለነካ ብቻ ይቀራል። ጥቆማ ደግሞ ጣት ይፈልጋል፤ አይቶ «ያውልህ» የሚል ሰው ከሌለ ጥቆማ የለም። ፖሊስ ከኅብረተሰቡ የሚቀበለው ጥቆማ ነው፤ አጥር ሥር የሚያገኘው ዱካ ነው። ፍንጭ ሁለቱም ሊሰጡት ይችላሉ። ገና ማስረጃ አልሆነም፤ በጠባብ ቀዳዳ እንደማየት ያለ ነገር ነው። ፊት ጥርሷ መሃል ክፍተት ያላትን ሴት «ፍንጭት» እንላት የለ? ሁለቱ ቃላት ሳይዛመዱ አይቀሩም።

እንግዲህ ወደ መጽሐፍሽ ስንመጣ፣ ሰጪው ደራሲው ነው። አውቆ፣ አስቦ፣ ለአንቺ ያስቀመጠው ፍንጭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣውን የጠፋውን የእሽቅድምድም ፈረስ ታሪክ አንብባችሁት ይሆናል። ሌሊት ፈረሱ ከጋጣው ወጥቷል። ውሻ እዚያው አለ። ቆጥ ላይ የተኙት ሁለት ልጆች ግን ምንም አልሰሙም። ሆምስ «ውሻው ሌሊት ምን አደረገ?» በሚለው ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ውሻው ምንም አላደረገም፤ ነገሩም እሱ ነው። የመጣውን ሰው ያውቀዋል ማለት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንል የለ? በበላበትም ዝም ይላል። ደራሲው ይህን ዝምታ ፊት ለፊታችን አስቀምጦልን እኛ አልፈነው ሄድን። ፍንጭ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ስታነቢው ነበረ፣ ሲነገርሽ ደግሞ «እንዴት አላየሁትም!» ትያለሽ። እዚያው ታሪክ ውስጥ ከዚህም የባሰ አለ። ጋጣ ጠባቂው ልጅ እራቱን በልቶ ክፉኛ ተኝቷል፤ ምግቡ ውስጥ ኦፒየም ነበረበት። እራቱ ደግሞ በካሪ ቅመም የተሠራ የበግ ሥጋ ነው። ካሪው ባይኖር የኦፒየሙ ጣዕም ያጋልጥ ነበር። ታዲያ ያን ቀን ካሪ እንዲሠራ ማን ወሰነ? ከውጭ የመጣ ሰው የቤቱን ወጥ አይመርጥም። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ያላነበባችሁ ትኖራላችሁ።

ሰምና ወርቅ የምትለውን ጓደኛሽን ግን አልደግፋትም። ሰምና ወርቅ አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ ሁለት ሆኖ ሲሰማ ነው፤ ኅብረ ቃል ያስፈልገዋል። የበግ ወጥ ኅብረ ቃል አይደለም፤ የበግ ወጥ ነው። ከቅኔ ቤት መዋስ ካማራት ውስጠ ወይራ ትበል፤ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ንግግር ነው፣ ይቀርባል። እሱም ቢሆን የንግግር ነው እንጂ የዕቃ አይደለም።

የአዳማው፦

ጋሼ ይቅርታ ልቃወምዎት። ዜና ላይ «ገዳዩ ምንም ፍንጭ ሳይተው ተሰወረ» ሲባል ጆሮዬ ነው የለመደው። ስለዚህ ፍንጭም ይተዋል። ሰው የሚለውን ሰው ስህተት ነው ማለት ይከብዳል።

ጋሼ፦

ስህተት አላልኩም፤ ይባላል። ዜና የሚጽፈው ሰው ግን ፍንጩን የሚያየው ከፖሊስ ወገን ሆኖ ነው፤ ለፖሊስ የተገኘ ሁሉ ፍንጭ ነው። እኔ «ዱካ ሳይተው» ብል ይጥመኛል። ይልቅ ልዩነቱ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ አድናቂዎች ቀን ከሌት የሚጨቃጨቁበት ላይ።

ዋትሰን አፍጋኒስታን ጦርነት ላይ ቆስሎ የተመለሰ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ጥይቱ የመታው ትከሻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ቁስሉ እግሩ ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። እንዲህ ሲሆን አድናቂ ምን ያደርጋል? «ሁለት ጊዜ ቆስሏል»፣ «አንዱን ደብቆናል»፣ «ጥይቷ ተሻግራ ነው» እያለ መላ ይመታል። በዚያ ላይ ሰውየው ጆን ሆኖ ሳለ በአንድ ታሪክ ሚስቱ «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች። ሌላዋ የመርማሪ ልቦለድ ጸሐፊ ዶሮቲ ሴየርስ መፍትሔ አመጣች፤ የመሃል ስሙ የሚጀምርበት «ኤች» (H) የሚለው ፊደል «ሄሚሽ» ለሚለው ነው፣ ሄሚሽ ደግሞ ስኮትላንዶች ጄምስን የሚጠሩበት ነው፣ ስለዚህ ሚስቱ ልክ ናት አለች። ድንቅ ነው፤ ቅኔ ሲፈታ የሰማሁ መሰለኝ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስም ገና እ.ኤ.አ. በ1911 ኦክስፎርድ ላይ እነዚህን ታሪኮች እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ሊቃውንት አድርጎ እየመረመረ ንግግር አድርጓል። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

እኔ ግን የትከሻውንና የእግሩን ነገር ፍንጭ አልለውም። ማንም አልሰጠንም። ኮናን ዶይል እየቸኮለ ይጽፍ ነበር፤ የቀደመውን ገልጦ ማመሳከር ብዙ አይወድም። ይህ የደራሲው ዱካ ነው! ወንጀለኛው ጭቃ ላይ ጫማውን እንደሚያትመው፣ እሱም ሳያውቅ መጽሐፉ ላይ ቀርቷል። ዱካ ተከትሎ የሚደረስበት ሰው ደራሲው ነው፣ ዋትሰን አይደለም።

ጠያቂዋ፦

ኧረ ጋሼ ይሄ ገደለኝ! ጓደኛዬ ሲሰማ ያብዳል፤ ግማሹ «ፍንጭ» የሚለው ዱካ ሊሆንበት ነው። ግን አሳሳቹን ረሱት። እኛ እስካሁን «መሸወጃ» ስንለው ነበር።

ጋሼ፦

መሸወጃ የመንገድ ቃል ነው፤ ለመጽሐፍ ግምገማ ይከብደኛል። ሁለት ቃል አለልሽ። ዓይንሽን ከዋናው ነገር የሚያነሳው ማዘናጊያ ነው፤ ጫጫታ፣ ግርግር፣ የማያስፈልግ ጠብ። ወደ ሌላ ሰው የሚመራሽ ደግሞ ማሳሳቻ ነው። በዚያው በፈረሱ ታሪክ ያን ሌሊት ጋጣው አካባቢ ሲያንዣብብ የታየ ሰው አለ፤ ያን ሌሊት ሞቶ የተገኘው የፈረሱ አሠልጣኝ እጅ ውስጥ የነበረው ከረባትም የእሱ ነው። ከረባቱ እውነት ነው፣ የሰውየው መሆኑም እውነት ነው፣ ግድያው ግን የእሱ አይደለም። ምንም አልተዋሸንም፤ ተሳሳትን እንጂ። ስለዚህ ማሳሳቻ።

የአዳማው፦

እኔ መሸወጃን እመርጣለሁ። አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ «ተሸወድኩ!» ነው የሚለው፤ «ተሳሳትኩ» የሚል እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀድሞ የነቃውም «ነቄ ነበርኩ» ብሎ ይመጻደቃል። ማሳሳቻ የፈተና ወረቀት ላይ ያለችዋን ምርጫ ነው የሚያስታውሰኝ።

ጋሼ፦

እሱ እንኳ ልክ ነህ፤ ስሜቱ መሸወጃ ውስጥ አለ። መሸወድ ሸዋጅ ይፈልጋል፤ መሳሳት ግን ብቻን ይቻላል። ደራሲው ሆን ብሎ ካስቀመጠው መሸወጃ በሉት እንግዲህ፣ ጋዜጣ ላይ ስትጽፉ ግን ማሳሳቻ።

ጠያቂዋ፦

ተስማማን። አንድ ብቻ ልጨምር፤ «ቲዎሪ» ለሚለው «መላምት» ስል ሳይንስ አስመሰልሽው ይሉኛል።

ጋሼ፦

መላና ምት ናት እኮ፤ መላ የሚመታ ሁሉ መላምት አለው፣ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ካልጣማቸው «ግምቴ» በዪ። የጄምስን ነገር ግን ገና አልቋጨሁትም። ሴየርስ ልክ ከሆነች ፍንጭ ነው፤ ዶይል ስሙን ረስቶት ከሆነ ዱካ ነው። እኔ ዱካ ነው ባይ ነኝ። ቅዳሜ ተከራከሩበትና የደረሳችሁበትን እዚህ ጻፉልን።