የኩሽና ፍሳሽ መዘጋት፦ ችግሩ ከቤታችን ነው ወይስ ከጋራው መስመር?

የግራውንድ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። የኩሽናው ሲንክ ውሃ በቀስታ እየወረደ ቆይቶ አሁን ጭራሽ መቆም ጀምሯል። ከሁሉ ግራ ያጋባን ግን እኛ ውሃ ሳንጠቀም ማለዳ ማለዳ ከመታጠቢያ ቤቱ የወለል ማፍሰሻ አረፋ ያለው የዕቃ እጣቢ ሽቅብ መውጣቱ ነው። ጎረቤቶች ካስቲክ ሶዳ ጨምሩበት ይላሉ፤ እናቴ የፈላ ውሃ እንዳፈስበት ትመክረኛለች፤ የመጣልን ሠራተኛ ደግሞ ምንም ሳይፈትሽ ግድግዳው ካልተሰበረ አይሆንም ብሏል። ግድግዳ ከማስፈረሴ በፊት የተዘጋው የቱ ጋ እንደሆነ በምን መለየት እችላለሁ? የጋራው መስመር ከሆነስ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

የሳኒተሪ ባለሙያ

እርስዎ ያላፈሰሱት እጣቢ ወደ ቤትዎ የሚመጣ ከሆነ የተዘጋው ከሁሉም ፎቅ ፍሳሽ የሚቀበለው ቋሚ ቧንቧ ወይም ከእሱ እስከ ማንሆሉ ያለው መስመር ነው። ከላይ የሚወርደው ውሃ መውጫ ሲያጣ የሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍት ቦታ የእናንተ ወለል ስለሆነ ነው በእናንተ ቤት የሚታየው። ለማረጋገጥ የራስዎን ውሃ ዘግተው የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሲንካቸውን ሞልተው በአንድ ጊዜ እንዲለቁት ይጠይቁ። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ለሕንፃው ቅርብ የሆነውን ማንሆል ከፍቶ ይመልከት። ማንሆሉ ሞልቶ ከተገኘ መዘጋቱ ከእሱ ወዲያ፣ ባዶ ሆኖ ወለልዎ ላይ ውሃ ከወጣ ደግሞ በማንሆሉና በሕንፃው መካከል ነው።

የሲንኩ ነገር ለብቻው ሊሆንም ይችላል። ሥሩ ባልዲ አስቀምጠው የታጠፈውን ሲፎን በእጅ ፈትተው ይጠቡት፤ ብዙ ጊዜ ያለ ቁልፍ ይፈታል። መልሰው ሲገጥሙ ጎማዎቹ በቦታቸው መቀመጣቸውን ይዩ፤ በሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሽታን የሚከለክል ስለሆነ ቀጥ ባለ ቱቦ ቢተኩት ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ ግድግዳ ልስበር የሚል ሰው የት እንደሚሰብርም አያውቅም።

የኬሚስትሪ መምህር

ካስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙናነት እንደሚለውጥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃ በቆመበት ቧንቧ ውስጥ ሲጨመር የተዘጋው ቦታ ላይ ሳይደርስ ይሟሟል፣ ወይም ታች ተጠራቅሞ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፣ ዓይንና ቆዳንም ያቃጥላል። ከእርስዎ በኋላ ሲፎኑን የሚፈታው ሠራተኛ በውስጡ ምን እንዳለ ካልተነገረው አደጋው በእሱ ላይ ይደርሳል። ከዚህ የከፋው በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መደባለቅ ነው፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል።

የእናትዎ ምክር ግማሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ የፒቪሲ ቧንቧ ከ80 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፤ በተለይ መጋጠሚያዎቹ ይጎዳሉ። እጅ የማይችለው ነገር ግን ያልፈላ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ይበቃል። እሱም ቢሆን ቅባቱን ከሲንኩ ሥር አቅልጦ ጥቂት ሜትር ወስዶ፣ ቧንቧው ቀዝቀዝ ያለበት ቦታ ሲደርስ መልሶ ያረጋዋል።

ሦስተኛ ፎቅ

መምህሩ በመጨረሻ የጠቀሱት ነገር ዋናው ይመስለኛል፤ የሕንፃችንን ቧንቧ የሚዘጋው የምንበላው ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት በደንብ የሚቀልጠው 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ የከተማችን አየር 30 እንኳ እምብዛም አይደርስም። ስለዚህ የወጥ ድስት ስናጥብ የሚወርደው ዘይትና ቅቤ ሰም ሆኖ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የቡና አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና የሊጥ ዝቃጭ ይጨመርበትና የቧንቧው ክፍተት ከወር ወር ይጠባል። ድስትና መጥበሻ ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ወይም በአሮጌ ጋዜጣ ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ ቢጣል፣ አተላው አበባ ሥር ቢደፋ፣ የሊጥ ባልዲ እጣቢም እስኪጠል ተትቶ ዝቃጩ ለብቻ ቢወገድ ብዙ ችግር ይቀራል። የሲንክ ወንፊት ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለመግዛት ግን ሁላችንም የምንነሳው ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጣሳ እየቆጠብን እናጥባለን፤ ቀጭን ውሃ ደግሞ ቅባቱን ገፍቶ አይወስድም። እጣቢውን በሳፋ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ያለ ተጨማሪ ውሃ ቧንቧውን ያጥባል።

የኮሚቴ አባል

ወጪውን በተመለከተ፣ ከአንድ ቤት በላይ የሚያገለግል ቧንቧ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ የሚጠገነው በቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ወጪ ነው። ግራውንድ ያለው ሰው ብቻውን እንዲከፍል የሚደረግበት ልማድ ተገቢ አይደለም። ከሲንክዎ እስከ ቋሚው ቧንቧ ያለው ግን የራስዎ ነው። ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቱ፣ የወጣውን እጣቢ የሚያሳይ ፎቶም አያይዙበት። መስመሩን ስትፈትሹ እግረ መንገዳችሁን የጣራ ውሃ ከፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ እንደሆነ እዩ፤ በክረምት ማንሆል የሚገነፍልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የግራውንድ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደተባለው አድርገን ስንፈትሽ የላይኞቹ ውሃ ሲለቁ ወለላችን ላይ ወጣ፤ ማንሆሉ ግን ደረቅ ነበር። ሲፎኑም ተፈትቶ ሲታይ ንጹሕ ነው። ኮሚቴው ሠራተኛ ሊያመጣ ተስማምቷል፤ ምን እንዲያደርግ እንጠይቀው?

የሳኒተሪ ባለሙያ

እንግዲያው የተዘጋው ከሕንፃው እስከ ማንሆሉ ባለው አጭር መስመር ላይ ነው። ቋሚው ቧንቧ ታች ላይ የመፈተሻ ክዳን ካለው ከዚያ፣ ከሌለው ከማንሆሉ በኩል የሚጠማዘዝ ረጅም የሽቦ ስፕሪንግ ያስገባ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከላይ ማንም ውሃ እንዳይለቅ በየበሩ አስታውቁ። ሠራተኛው ከመሬት ላይ ሆኖ ይሥራ እንጂ ማንሆል ውስጥ እንዳይገባ፤ እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን ወዲያው ራሱን ያስታል። ካስቲክ ሶዳ የጨመረ ጎረቤት ካለም ለሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት። መስመሩ ሲከፈት የሕፃን ዳይፐር ወይም እርጥብ ሶፍት ከወጣ ለነዋሪው በፎቶ አሳዩ፤ ቅባት ብቻ ከሆነና በቅርብ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ከተዘጋ ደግሞ የቧንቧውን ተዳፋት አስለኩ፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት።