«አውሎው የብስ ረገጠ» ወይስ «መታ»?

ጣርማ በር፦ ዜናው «አውሎ ነፋሱ ነገ ፍሎሪዳን ይመታል» ይላል። እንግሊዝኛው «ላንድፎል» የሚለውን፣ አውሎው ከባሕር ወደ የብስ መግባቱን፣ ከመምታት ለይቶ ይዞታል። እኛ ምን እንበል? «መሬት ነካ» የሚሉ አሉ፤ ለጆሮዬ የአውሮፕላን ማረፍ ይመስለኛል።

መንዜው፦ «መሬት ነካ» ይቅር፣ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። የባሕር ተቃራኒው የብስ ነውና «የብስ ረገጠ» ይሻላል። የሚረግጠው ግን እምብርቱ ብቻ ነው፤ እምብርቱ የባሕሩን ዳርቻ ሲያቋርጥ ረገጠ ይባላል። እምብርቱ ላይ ባለው ዓይኑ ውስጥ ነፋሱ ጋብ ይላል፤ ጉልበቱ ያለው ዓይኑን በከበበው የደመና ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ከተማ ሳይረገጥም ይመታል፣ ከመረገጡ ሰዓታት አስቀድሞም ይመታል። ሁለቱን ቃላት ማምታታት ሰው ያስበላል።

በሬሳ ማዶ፦ ጋሼ መንዜው፣ ካርታው ላይ ወደፊት የሚሰመረውንስ «የአውሎው ዱካ» ቢሉት?

መንዜው፦ አይሆንም ልጄ። ዱካ የሄደ የተወው ነው፤ ላልተሄደበት ዱካ የለውም። ያለፈው ዱካ፣ የሚመጣው «የተገመተ መንገድ» ይባል። በዙሪያው የሚሳለው ሾጣጣም የአውሎው ስፋት አይደለም። ለ12፣ ለ24፣ ለ36 እያለ እስከ 120ኛው ሰዓት በየነጥቡ ክብ ይሰመራል፤ የክቡ ስፋት ያለፉት 5 ዓመታት የግምት ስሕተት ሁለት ሦስተኛው የሚገባበት ነው። ክቦቹን አያይዘህ ስትከባቸው ሾጣጣው ይወጣል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዴ ያህል እምብርቱ ከሾጣጣው ውጭ ይሄዳል፣ ውሽንፍሩማ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

አፋፍ፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2004 ፍሎሪዳ ላይ የመጣው ቻርሊ የተባለው አውሎ ጥሩ ማሳያ ነው። የመሐሉ መስመር ወደ ታምፓ ያመለክት ነበር፤ አውሎው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ከታምፓ በስተደቡብ፣ ካዮ ኮስታ ላይ ረገጠ። ያም ቦታ ሾጣጣው ውስጥ ነበር፤ ሰው ያየው መስመሩን ብቻ ነው። ስሕተቱን ያገነነው አቅጣጫው ነው፦ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ነበር። የገደል አፋፍ ይዛ የምትሄድ በቅሎ ትንሽ ካዘነበለች የምትወድቅበት ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ መንዝ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ፊት ለፊት የሚመጣ አውሎ ግን ለመገመት ይቀላል።

ጣርማ በር፦ ከነፋሱ ጋር የሚመጣው ውኃስ? «ማዕበል» ነው የሚባለው።

አፋፍ፦ ማዕበል ይነሳል ይወድቃል። ይሄኛው ግን የባሕሩ ወለል ራሱ ከፍ ብሎ የሚቆይ ነው። የሸዋ ሮቢት ሰው «ወንዙ ሞላ» እንደሚለው «የባሕር ሙላት» ብንለውስ? ካትሪና የተባለችው አውሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ሚሲሲፒ ውስጥ ፓስ ክርስቲያን ላይ 8.5 ሜትር ገደማ ሞልታለች፤ የብስ ስትረግጥ በነፋስ መለኪያ ደረጃ 3 ነበረች። ደረጃው የነፋስ ብቻ ነው፣ ሙላትን አይናገርም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሙላቱ የሚከፋው ከአካሄዱ በስተቀኝ ነው፤ ነፋሱ ውኃውን ወደ ዳር የሚገፋው በዚያ ወገን ነውና።

በሬሳ ማዶ፦ «ሳይክሎን» ሌላ ነገር ነው?

መንዜው፦ ያው ነው፤ ስሙን የሚለውጠው ባሕሩ ነው። በአትላንቲክ ሀሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ታይፎን፣ በህንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን። ሀሪኬን ለመባል ነፋሱ ሳያቋርጥ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት። ወደኛ የቀረበው ሳጋር ነበር፤ ግንቦት 11 ቀን 2010 ሶማሌላንድ ላይ የብስ ረገጠ። ደጋችን ድረስ አይወጣም፣ ነገር ግን በማዳጋስካር በኩል ሳይክሎን ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳብና በልጋችን ይሳሳል።

ጣርማ በር፦ እንግዲያው ዜናውን እንዲህ ላስተካክለው፦ «የአውሎው እምብርት ነገ ሌሊት የብስ ይረግጣል ተብሎ ይገመታል፤ ነፋሱ ግን ከቀትር ጀምሮ ይመታል፤ ከሚረግጥበት በስተቀኝ ባሕሩ ይሞላል።»

መንዜው፦ እሰይ። «ይገመታል»ን ግን ማንም «ይተነበያል» ብሎ እንዳያርምብህ፤ ትንበያ ከነቢይ ወገን ነው፣ ሾጣጣ አያውቅም።