ነገ ኅዳር 12 ቀን 2018 ነው፤ እናጭስ ወይስ ይቅር?

የጉለሌው፦
የሰፈሩ ልጆች ከአሁኑ አሮጌ ጎማ እየሰበሰቡ ነው። እኛ በር ላይ ሦስት ተቆልሏል። ከጎማው ሥር አንድ የተቀዳደደ ፍራሽም አለ።

የምክር ቤት አባል ብሆን ምን ይዤ እገባለሁ ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ሁለት መስመር ረቂቅ። አንድ፣ ኅዳር 12 አገር አቀፍ የወረርሽኝ ዝግጁነት ቀን ይሁን። ሁለት፣ በዕለቱ ቆሻሻ ማቃጠል ይከልከል። ለማያውቅ፦ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን የሚሉት። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ያኔ ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ ይባላል። እኛ መጥረጉን ትተን ጭሱን ይዘን ቀረን።

ደግፉ ወይ ተቃወሙ። ስድብ አይፈቀድም።

የሚካኤል ሰፈር፦
እቃወማለሁ። ነገ እኮ ኅዳር ሚካኤልም ነው። እናቴ ይህንን ቀን ሳታጨስ ያለፈችበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ልጅ ሆኜ ገለባውን እኔ ነበርኩ የማቀብላት። አሁን አንተ አዋጅ አውጥተህ ደንብ አስከባሪ ልትልክባት ነው? ምክር ቤት ገብተህ የመጀመሪያ ሥራህ ባልቴት መቅጣት ከሆነ ድምፄን አታገኝም።

ነርስ ነኝ፦
እኔ ደግሞ ነገ ማታ ተረኛ ነኝ። እናትህን አላውቃቸውም፣ ይባርኳቸው። ግን ልንገርህ። አምና ኅዳር 12 ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ነጠላው ጎማ ጎማ ይሸታል። ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አስም አለበት። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ሥጋው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያየ ያውቀዋል። ያለን መድኃኒት በጭምብል የሚያስተነፍስ ማሽን፣ ኔቡላይዘር፣ አንድ ነው። እሱ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው ጭምብሉን ከአፋቸው አውልቀው ለልጁ ሰጡት።

በሽታ ለማባረር የተጀመረ ነገር ሰው እያሳመመ ነው። ረቂቁን እደግፋለሁ። ሁለተኛውን መስመር እንዲያውም አንደኛ አድርገው።

የሚካኤል ሰፈር፦
ሲስተር፣ ስለ ልጁ አዝናለሁ። ግን እናቴና ጎማ የሚያቃጥል ጎረምሳ አንድ አይደሉም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛማ እዚህ አሜሪካ ብናጨስ የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ነው 😂 አንድ ዓመት ባለቤቴ ቡና ስታፈላ እጣኑ በዝቶ የአፓርትመንቱ አላርም ጮኸ። ፎቁ ሙሉ በፒጃማ ወረደ። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

ታሪክ አስተማሪው፦
ረቂቁን ከማጽደቃችን በፊት ታሪኩን እናጥራ። በሽታው የበረታው ኅዳር 1911 ላይ ነው። የዓለም ጦርነት ያበቃው በዚያው ወር፣ ኅዳር 2 ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በሽታውም በዚያው መስመር ሳይመጣ አልቀረም። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ቤት ውስጥ የቀረበት ጊዜ ነው።

ጭሱስ? የመኸር መጨረሻ ነው፤ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። አረምና ገለባ ማቃጠሉ ከ1911 በፊትም ነበረ የሚሉ አባቶች አሉ። እኔ ወደዚያ አደላለሁ። በሽታው ለነበረው ልማድ ስም ሰጠው እንጂ ልማዱን አልወለደውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «አገር አቀፍ» ያልከው ነገር። ለመላው አገር የሚታሰብ የበሽታ ታሪክ ካስፈለገ፣ ከ1911 በፊት ክፉ ቀን አለልህ። ከ1880 እስከ 1884። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት የመጣ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ገደለ። በሬ ጠፋ፣ ማረሻ ቆመ፣ ሰው አለቀ። ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ቆፈሩ የሚባለው ያኔ ነው። ያ የአንድ ከተማ ሳይሆን የሁሉም ነው። ግን ቀን የለውም። ለምን?

የጉለሌው፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። ለክፉ ቀን ግን የሚቃጠል ጎማ የለውም። ሰው የሚያውቀውን ቀን ይዤ ብነሳ ይሻላል ብዬ ነው።

ከብት ሐኪሙ፦
መምህር የጠቀሱት በሽታ ስሙ ደስታ ነው። አዎ፣ ደስታ። አገር የጨረሰ በሽታ ደስታ ይባላል። ለምን እንዲህ እንደተባለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ሁሌ ይገርመኛል።

በዓለም ላይ እስካሁን ከነአካቴው የጠፉ በሽታዎች ሁለት ናቸው። ፈንጣጣና ደስታ። ደስታ መጥፋቱ በ2003 ታወጀ። መጨረሻ ላይ አስቸግረው ከነበሩት ቦታዎች አንዱ የእኛው አፋር ነበር። ዶክተር በመኪና የማይደርስበት፣ በረዶ ሳጥን የማይጸናበት አገር። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ሙቀት የሚችል ክትባት መጣ። በ1980ዎቹ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው የራሳቸውን ከብት ከተቡ። የታመመ ከብት የት እንዳለ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? ዛሬ ለመላው አፍሪካ የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚመረምረው ማዕከል ቢሾፍቱ ነው ያለው።

ዝግጁነት ማለት ለእኔ ይህ ነው። የምክር ቤት አባሉ ስለ ጭስ ሳይሆን ስለ ከታቢ ደመወዝ ይጠይቅ።

ከጂንካ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ባለፈው አርብ፣ ኅዳር 5፣ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ እኛ ከተማ መግባቱ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም የሚባባለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። ለቅሶ ቤት መሄድ ያስፈራል። አንድ ጎረቤቴ የገዛ እህቱ ቀብር ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ አለቀሰ። በማርበርግ አይደለም የሞተችው። ግን ማን ያምናል?

እኛ ጋ ኅዳር ሲታጠን የሚባል ነገር የለም። በዓላችሁ ይመቻችሁ፣ አልቃወምም። ግን «የአገር ታሪክ» ስትሉ የአዲስ አበባን ሰፈር ታሪክ እያወራችሁ እንደሆነ ይታወቃችሁ? ወረርሽኙ እዚህ ነው ያለው። ናሙና አዲስ አበባ ሄዶ ተመርምሮ እስኪመለስ የምንጠብቀው እኛ ነን። ወረርሽኝ ሲገባ ቀድሞ የሚያየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ጓንት አላት ወይ? እሱን ጠይቁልን።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ በርቱ። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ስለ ጭስ መከራከሬ አሳፈረኝ።

የታክሲው፦
ከጂንካ ያለው ሰው ጨረሰው። በቃ እኮ! ቀን ምን ያደርጋል? የእጅ መታጠብ ቀን አለን። የመጸዳጃ ቀን አለን። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ያልቃል። ሕግም አልጠፋም። ፌስታል የሚከለክል አዋጅ በ2017 ጸድቋል፤ እኔ ታክሲ ውስጥ ዛሬም ቲማቲም በፌስታል ነው የሚጫነው።

ምክር ቤቱን ካነሳችሁ አይቀር፣ በ2012 ኮሮና ሲመጣ ምን ሆነ? ምርጫው ተራዘመ፣ የወንበሩም ዘመን አብሮ ተራዘመ። ዝግጁነት ይሏል ይህ ነው 😀

የጉለሌው፦
ጋሽ ታክሲ፣ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን ምክር ቤቱ የማይሠራውን ብቻ አትቁጠር። ግንቦት 2017 ጄኔቫ ላይ የዓለም ጤና ጉባኤ የወረርሽኝ ስምምነት አጽድቋል። የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ደግሞ የእኛው የቀድሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ናቸው። የጀርም ናሙና የሰጠ አገር ከክትባቱ ምን ያገኛል የሚለው ክፍል ገና ድርድር ላይ ነው። እሱ ሲያልቅ አገሮች ይፈርማሉ። በሕገ መንግሥቱ ደግሞ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከጂንካ የሄደው ናሙና ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ይመጣል። ያኔ የእኛ ሰው እጁን ከማውጣቱ በፊት አንብቦት ይሆን?

ከጂንካ፦
ይህ ጥያቄ ይሻላል።

የዲንሾ ልጅ፦
ከባሌ ነኝ። አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማርበርግ ከሌሊት ወፍ ይመጣል ሲባል ስንቱ ነው «ዋሻውን እናጭሰው፣ እንፍጃቸው» ሲል የሰማሁት። ተዉ! ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ የሚባል ማዕድን ማውጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ታመሙ። ከዚያ የሌሊት ወፎቹን ፈጇቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመልሰው ሰፈሩበት። ቢመረመሩ ቫይረሱ ያለባቸው ከድሮዎቹ በእጥፍ በልጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው አቅራቢያ ኢባንዳ ላይ ወረርሽኝ ተነሳ። ዋሻውን ከመፍጀት አለመግባት ይሻላል።

እኛ ጋ የተማርነው በቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። በ1996 በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከአራት ሦስት እጁን ጨረሰ። ከየት መጣ? ከእኛ ውሾች። ስለዚህ በየመንደሩ ውሻ ይከተባል። መጀመሪያ ገበሬው ይስቅ ነበር፤ «ለቀበሮ ብለህ ውሻዬን ትወጋለህ?» እያለ። ቆይቶ ገባው። ያልተከተበ ውሻ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይነክሳል። አሁን ከታቢው ሲመጣ ውሻውን በገመድ አስሮ የሚጠብቀው ራሱ ነው። በ2010 ደግሞ ለቀበሮዎቹም በሥጋ የተሸፈነ ክትባት መስጠት ተጀመረ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 የዓለም ቅርስ ሆኗል።

እኔ የምመርጠው ሰው ጤና ለብቻ፣ ፓርክ ለብቻ፣ ከብት ለብቻ አድርጎ በጀት የማይመድብ ነው።

ከብት ሐኪሙ፦
በዚህ ላይ ፊርማዬን አኖራለሁ።

ታሪክ አስተማሪው፦
እኔ ግን ቀኑን የታክሲው እንዳለው አልጥለውም። 1911ን ረስተን ነው 2012 ላይ «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም» ስንል የነበረው። ደርሶብን ያውቃል። ጎማው ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ወሬው ሲቀር ግን እፈራለሁ። ልጆች ነገ «ለምንድነው የምናጨሰው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው ሰው ካለ፣ ያ ለእኔ ከአዋጁ ይበልጣል።

የጉለሌው፦
እሺ፣ ረቂቄን አሻሻልኩ። ክልከላው ለጎማ፣ ለፕላስቲክና ለፍራሽ ብቻ። ቀኑ ይቅር። በምትኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጓንት። የሚካኤል ሰፈር፣ ምን ትላለህ?

የሚካኤል ሰፈር፦
ቆይ፣ እናቴን ልጠይቃት ብዬ ነው የጠፋሁት። «ነገ ማቃጠል ክልክል ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አልኳት። መጥረጊያ ይዛ ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጓሮውን ስታጸዳ ነው የዋለችው፤ እኔ ስልክ ላይ ስከራከር።

«ምን ማቃጠል?» አለችኝ።
«ጎማ ምናምን።»
«እኔ መቼ ጎማ አቃጥዬ አውቃለሁ? ጎማ ምን ልሁን ብሎ ይጤሳል? ና ይልቅ ይህንን ጆንያ አንሳልኝ።»

ጆንያውን አንስቼ መጣሁ። ለጎማ ለፍራሽ ያልከውን ተቀብያለሁ።

ነርስ ነኝ፦
እናትህን ሰላም በልልኝ።

የታክሲው፦
ጉለሌ፣ በርህ ላይ ያሉት ሦስት ጎማዎች የስንት ቁጥር ናቸው? ምናለሽ ተራ በረባሶ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። አሮጌ ጎማ ይገዛል። ዛሬ ማታ መጥቼ ልጫናቸው።

የጉለሌው፦
ና። ልጆቹ ግን በጎማ ሃምሳ ሃምሳ ብር ካልተሰጠን አንለቅም እያሉ ነው።

የታክሲው፦
ሠላሳ በላቸው። ፍራሹን አልፈልግም።