ክፍል ውስጥ ስለ ነገደ ወይጦ አንስቼ ነገሩ ከእጄ አመለጠ፣ ምን ላድርግ?

ጠመኔ
ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባሕር ዳር ነው የማስተምረው፣ 10ኛ ክፍል፣ ዜግነት ትምህርት። 64 ልጆች አሉኝ። የከተማ ልጆች አሉ፣ ከዘንዘልማ በእግር የሚመጡ አሉ፣ ከአዊ መጥተው ዘመድ ቤት የሚኖሩ አሉ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። አንድ ዓይነ ስውር ልጅም አለኝ፣ ጎበዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ርዕሳችን እኩልነትና አድልዎ ነበር። አፓርታይድ ምናምን እያልኩ ከምደክም ለምን ከደጃችን አልነሣም ብዬ «ጣና ላይ ታንኳ የሚሠሩት እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። ጣና ዳር የሚኖሩትን ነገደ ወይጦ ማለቴ ነው፣ ጥሩ መነሻ መስሎኝ ነበር። ከኋላ አንዱ «ጉማሬ በሊዎቹ!» ብሎ ጮኸ፣ እነሱን የሚሰድቡበት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ደነገጥኩና «በቃ፣ ዝም በሉ» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ተመልሼ ሳይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ ዴስኩ ላይ ተደፍታለች። ከነገደ ወይጦ መሆኗን እኔ አላውቅም ነበር። ልጆቹ ግን ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ፔሬድ ሁለቴ ቀርታለች። የሌሎቹን ትገባለች።

ጥያቄዬ፦ ርዕሱን ልተወው ወይስ ልመለስበት? ልመለስበት ካልኩስ እሷን ሳላጋልጥ እንዴት አድርጌ? ባልደረባዬ «ፈተና ላይ አይመጣም፣ እለፈው» ይለኛል። ስለ ወቅቱ ፖለቲካ እንዳልሆነ የማወራው ልብ በሉልኝ። እሱንማ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ነው የምናስተምረው።

ፔዳ 92
አትለፈው። ልጅቷ ሳቁን ለምዳው ይሆናል፣ መምህሯ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ግን ሌላ ነገር ነው የተረዳችው። ስለተናገርኩህ አትቀየመኝ፣ እኔም ስንቴ ዞሬያለሁ።

ቀጥሎ ስትገባ ለመላው ክፍል «ባለፈው እዚህ ሰው ተሰደበ፣ እኔ ማስቆም ሲገባኝ ዝም አልኩ» በል። ስም አትጥራ። ወደ እሷም አትይ፤ ያንተ ዓይን ከሄደ የክፍሉ ዓይን ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል።

ባልደረባህን ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 90 አስነብበው። ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይካሄድ ነው የሚለው። አድልዎን አናንሣ አላለም።

ውይይቱን በ1 ለ 5 ቡድን እንዳታደርገው አደራ። እኛ ጋ የቡድን መሪው ብቻ ነው የሚያወራው፣ ሌሎቹ ራስ ይነቀንቃሉ። ቁራጭ ወረቀት አድላቸው። «ሰው ሲሳቅበት አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን» ብለው ስም ሳይጽፉ ይጻፉ። ሰብስበህ ቤትህ አንብብ። በማግሥቱ የመረጥካቸውን አንተው አንብብላቸው፣ ለልጅ አትስጥ።

እትዬ ሰሌዳ
ልጄ፣ ወረቀቱ መልካም ነው። 22 ዓመት ስላስተማርኩ ግን ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ያ ዓይነ ስውር ልጅ እንዴት አድርጎ ሊጽፍ ነው? ጎኑ የተቀመጠው ከጻፈለት ምስጢርነቱ ቀረ። በብሬል ከጻፈ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ብሬል የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው፣ ስሙን ጻፈ ማለት ነው። አስቀድመህ በእረፍት ሰዓት በቃል ይንገርህና አንተ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው። የእጅ ጽሑፍም እንዲሁ ነው፣ ልጆች የጓደኛቸውን ጽሑፍ ከሩቅ ይለያሉ። ስለዚህ ወረቀቶቹን ክፍል ይዘህ አትግባ። በራስህ ደብተር ገልብጠህ፣ ሰውየውንና ሰፈሩን ቀይረህ ግባ።

ሁለተኛ፣ አፋቸውን በአዊኛ የፈቱትን አታጣድፋቸው። ሐሳቡ አላቸው፣ ወደ አማርኛ እስኪያመጡት ግን ፈጣኑ የከተማ ልጅ መልሶ ጨርሷል። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን ነገር በሰዓት ለክታዋለች። መምህር ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝመው ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። እኔ በሆዴ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስጨንቃል፣ አንዳንዱ ልጅ ቲቸር ረሳችው ብሎ ይስቃል።

ባጃጅ 3
ኧረ መምህር ምን ታካብዳለህ! ልጅ ተሰዳድቦ ነው የሚያድገው። እኛን «ገበሬ» ሲሉን ነው ያደግነው፣ አልሞትንም።

ፔዳ 92
@ባጃጅ 3 አልሞትክም፣ ግን ይኸው እስካሁን አልረሳኸውም።

ዘጌ ቡና
እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው። ከስድቡ አትነሣ፣ ታንኳው ከሚሠራበት ከደንገሉ ተነሣ። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ አለ። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ተነሣ። «ራ» ያላትን ጀልባ ያሠራው ከእኛው ከጣና በሄደ ደንገል ነው። ደንገሉ ግብጽ ተወስዶ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች ፒራሚዶቹ አጠገብ ገጣጠሙት። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙውን መንገድ ከሄደች በኋላ ተበላሸች፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተዋት። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ። ጣና ዳር አድገው ደንገል ማለት የቡና ጉዝጓዝ ብቻ የሚመስላቸው አሉ እኮ። ከዚያ ወደ ሠሪዎቹ ትሄዳለህ። ለዚያች ልጅም ኩራት ነው።

የአባይ ዳር ልጅ
ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። እኔ ከዚያው ነኝ።

@ዘጌ ቡና ቅን ሐሳብ መሆኑ ይገባኛል። 7ኛ ክፍል እያለሁ አንድ መምህር ልክ እንዳንተ ሊያመሰግነን ፈልጎ «እስቲ አንተ ተነሣና ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን» አለኝ። እኔ ታንኳ መሥራት አልችልም። አባቴ ግንበኛ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 8ኛን ጨርሼ እስክወጣ ስሜ «ታንኳ» ሆነ። መምህሩ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በፍቅር ነው ሰላም የሚለኝ፣ ምን እንዳደረገኝ አያውቅም።

ስለ ራ ንገራቸው፣ ደስ ይላል፣ እኔም አሁን ነው የሰማሁት። ግን በሌላ ቀን፣ በጂኦግራፊም በታሪክም ይሁን። ከስድቡ ማግሥት ካመጣኸው ክፍሉ ሁሉ ለማን እንደተባለ ያውቃል።

ሌላው፣ «ወይጦ» ብቻ አትበሉን፣ ነገደ ወይጦ በሉ። ጉማሬ ማደን የአያቶቻችን ነገር ነው፣ ቀርቷል። የራሳችን ቋንቋ ድሮ ጠፍቶ አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ልጅ ሆኜ ከሌላው በምን እንደምለይ አይገባኝም ነበር። የገባኝ ጎረቤት ውሃ ጠጥቼ የጠጣሁበትን ጣሳ ሲያስቀምጡት ነው፣ ለብቻው፣ ከአጥሩ ሥር።

መምህር ጠመኔ፣ ልጅቷን ቢሮ እንዳትጠራት። ቢሮ የሚጠራ ያጠፋ ነው። ደብተር ስታርም ከሌሎቹ ጋር ተራዋ ሲደርስ ቀስ ብለህ «የዚያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም» በላት፣ ቀጥለህ የሚቀጥለውን ደብተር አንሣ። መልስ አትጠብቅ።

እትዬ ሰሌዳ
ይህን በማንበቤ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኛ ምስጋና ሲሆን አይመስለንም።

ጠመኔ
ዘግይቼ ተመለስኩ፣ የማርክ ሰሞን ነው።

ማክሰኞ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፣ ድምፄ ግን ተንቀጠቀጠ። ማንም አልሳቀም። የጮኸው ልጅ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ይቅርታ ጠይቅ አላልኩትም፣ ካልኩት ልጅቷን ማስነሣት ሊሆንብኝ ነው።

ወረቀቱንም አደረግሁት። ስለ ነገደ ወይጦ የጻፉት ጥቂት ናቸው። አንዱ ከወለጋ እንደመጣ ሰሞን አነጋገሩን እየቀዱ ይስቁበት እንደነበረ ጻፈ። አንዷ ቀሚሷ ላይ ደም ስለታየባት ሦስት ቀን ቀረሁ ትላለች። አንዱ በጾም ሰዓት ሲበላ አይተው ሰበሰቡበት፣ ሌላው ደግሞ ሲንተባተብ አብሬ ሳቅሁበት ብሎ የጓደኛውን ነው የጻፈው። ዓይነ ስውሩ ልጅ በእረፍት የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ሁሉንም በደብተሬ ገልብጬ፣ ቀያይሬ አምስቱን አነበብኩላቸው። ከዚያ እትዬ እንዳሉት በሆዴ ቆጠርኩ። አራት ላይ ስደርስ ከአዊ የመጣው ልጅ እጁን አወጣ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን አውጥቶ አያውቅም።

ሁለት ባዶ ወረቀትም አገኘሁ። የማን እንደሆኑ አላጣራሁም።

ልጅቷ ሐሙስ ገባች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይደለም፣ ከጓደኛዋ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ደብተሯን ሳርም አልኳት፣ @የአባይ ዳር ልጅ እንዳልከው። ቀና ብላ አላየችኝም። «እሺ ቲቸር» አለችና ደብተሯን ወሰደች።

የአባይ ዳር ልጅ
በሩ አጠገብ እኔም ተቀምጬ አውቃለሁ። ቦታ ቀይሪ አትበላት።