ሬዚደንት ሐኪም ሠላሳ ስድስት ሰዓት ይቁም? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ክርክር

አስተናጋጅ፣ ብሎክ 9
ባለፈው እሑድ የማኅበራችን ስብሰባ በውሃ ፓምፕ ተጀምሮ በሐኪም አለቀ። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ በቀዶ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች ጎረቤታችን ትምህርቱን ልታቋርጥ እያሰበች መሆኑን እናቷ ተናገሩ። ግማሹ ሰው «ትጽና» አለ፣ ግማሹ «ነፍሷን ታድን»። ልጅቷ እዚህ ቡድን ውስጥ ስላለች ጥያቄውን ከእሷ ላይ አንሥቼ ለሁላችን አደርገዋለሁ። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ከተመረቀ በኋላ እንደ ዘርፉ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚማር ሬዚደንት፣ ሳያቋርጥ የሚሠራበት፣ እስከ ሠላሳ ስድስት የሚደርሰው ሰዓት በሕግ ይገደብ ወይስ የሙያው ባሕርይ ነውና እንዳለ ይቀጥል? ስድብ አይፈቀድም።

ጡረተኛ መምህር፣ ብሎክ 4
አይገደብ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃን ነበሩ። እንግሊዞች ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፣ ስኮትላንድ ሄደው አከሉበት፣ ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸው የገቡት የዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነው ነው። ሰዓት ቢቆጥሩ ኖሮ ስማቸውን ማን ያውቀው ነበር? ሕክምና እንደ ባንክ በ11 ሰዓት በር አይዘጋም። የዛሬ ልጆች ሁለተኛ ዓመት ሳይጨርሱ ደከመን ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የሬዚደንቷ እናት
መምህር፣ በአክብሮት ልመልስልዎ። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ሲታቀፉት ነው እንጂ ሲያንከባልሉት አይደለም። ልጄ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ገባች። ሽሮ አቀረብኩላት። ቆርሳ ጠቀለለች፣ ወደ አፏ ሳታደርስ ተኛች። ጉርሻውን እንደያዘች። ጣቷን ፈልቅቄ አወጣሁና እግሯን በሙቅ ውሃ አጠብኩት፤ የካልሲዋ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቶ ነበር። አልነቃችም። እኔ ጽናት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ በእንጀራ ሽያጭ ነው ያስተማርኳት። ይህን ግን ጽናት ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል።

የሚኒባስ ሾፌር፣ ብሎክ 15
ስለ ሕክምና አላውቅም፤ ስለ እንቅልፍ ግን አውቃለሁ። ጅማ መስመር እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ዓይኑን ገልጦ መተኛት እንደሚችል ጊቤ ላይ ተማርኩ። መሪው እጅህ ላይ ነው፣ አስፋልቱ ይታይሃል፣ አንተ ግን የለህም። ረዳቴ በጥፊ ባያነቃኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልጽፍም ነበር። ሾፌር እንቅልፍ ይዞት ሰው ቢገድል ወንጀለኛ ነው እንላለን። ሐኪም ሲሆን ጀግና የምንለው ለምንድን ነው?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ብሎክ 2
ይገደብ። እኔ ስፔሻሊቲ ጀምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ቂም አለበት ብትሉኝ አልከራከርም። ግን ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ሬዚደንት የሚለው ቃል ራሱ «ነዋሪ» ማለት ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ይኖር ስለነበር። የቀዶ ሕክምናውን የሬዚደንት ሥልጠና በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ያስጀመረው ዊልያም ሃልስቴድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። ሃልስቴድ ታላቅ ቀዶ ሐኪም ነበር፣ ይህን ማንም አይነፍገውም። ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በራሱ ላይ ሲሞክር ሱሰኛ ሆነ፣ በኋላም ሞርፊን ተከተለ። እኛ ጋ በቡና ብቻ እንድንደግመው የሚጠበቀው የእሱን ዘመን ሥርዓት ነው።

አንድ ሙሉ ቀን ከሌሊቱ ጋር ያልተኛ ሰው የአእምሮው ቅልጥፍና ደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። በብዙ አገር በዚያ መጠን መኪና መንዳት ያስከስሳል። በ2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት ደግሞ በረጅሙ የተረኝነት ሥርዓት የሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች፣ ሰዓታቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የሚበልጥ ከባድ ስሕተት መፈጸማቸውን አገኘ። አሜሪካኖቹን ያነቃቸው የአንዲት ልጅ ሞት ነበር። ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ተማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሆስፒታል በገባች በአንድ ቀን ውስጥ ሞተች። አባቷ ዝም አላሉም። በ1989 የኒውዮርክ ግዛት የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ 24 ሰዓት ላይ ገደበው፤ በ2003 የ80 ሰዓቱ ገደብ ለመላው አገር ሆነ።

መምህር፣ ስለ ሐኪም ወርቅነህ ያነሡት ደግሞ ለእኔ ይመሰክራል። ሌላው ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ከየት መጣ? ቻርልስ የወሰዳቸው መኮንን ስም ነው፤ ማርቲን ለትምህርታቸው የከፈለላቸው የሌላው መኮንን። ማን እንደደገፋቸው ስማቸው ላይ ተጽፏል።

ጡረተኛ መምህር፣ ብሎክ 4
ስለ ስሙ ልክ ነህ። ስለ ቀሪው ግን አሜሪካ ሐኪም ሞልቶለታል፤ እኛ አንዱን ወደ ቤቱ ስንልክ ማን ይተካል?

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ብሎክ 11
መምህር ትክክለኛውን ጥያቄ አነሡ፣ ዶክተርም ግማሹን ብቻ ተናገሩ። አሜሪካኖቹ በ2011 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ዓመቶቹን ተረኝነት ወደ 16 ሰዓት ካወረዱ በኋላ በ2017 መልሰው ወደ 24 አወጡት። ለምን? 117 የቀዶ ሕክምና ማሠልጠኛዎችን ያካተተ ጥናት ሰዓቱ ሲላላም ሲጠብቅም በሕሙማን ሞትና ከባድ ጉዳት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። እኔ አልገረመኝም። ሰዓት ባጠረ ቁጥር ርክክብ ይበዛል፣ አደጋውም የሚያደባው ርክክብ ላይ ነው።

አንጀቱ የተጠማዘዘ ሽማግሌ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይገባል እንበል፤ እኛ አገር ብርቅ አይደለም። ሬዚደንቷ ሆዱን ዳሰሰችው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግማ ስትዳስሰው እጇ ያስታውሳል፤ ቅድም እንዲህ አልጠነከረም ነበር ትላለች፣ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እንሮጣለን። በመሐል ሰው ከተቀየረ አዲሱ የሚያውቀው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው። የወረቀቱን ነገር ደግሞ እኔን ጠይቁኝ። ኪስ ውስጥ ታጥፎ ላብ ያራሰው ቁራጭ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት የአልጋ ቁጥር፤ አልጋ 7 ላይ ያለውን አንዱ «ይታይ» ብሎ ጽፎበታል። ማን ይየው? መቼ? ምኑ ይታይ?

ስለዚህ ገደቡን አልቃወምም። ግን መጀመሪያ ርክክቡ ይስተካከል፦ ወጪውና ገቢው አልጋ ለአልጋ አብረው ይዙሩ፣ የገቢው እጅ ያንን ሆድ ይንካ። ያለዚያ የደከመ ሐኪም በማያውቅ ሐኪም መተካት ነው። ደግሞ ሬዚደንቷ ከምታጠፋው ጊዜ ብዙው ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ደም ባንክ መመላለስ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ማሳደድ፣ አልጋ መግፋት ነው። እሱን የሚሠራ ሰው ይቀጠር፤ ያኔ 36ቱ ሰዓት ራሱ ይቀንሳል።

የሕግ ባለሙያ፣ ብሎክ 6
አጭር ነገር ላክል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። ነገር ግን አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ሬዚደንት ሰዓት ሲጠይቅ «ተማሪ ነህ» ይባላል፤ በዓል ይከበርልኝ ሲል «ሠራተኛ ነህ»። በሁለት ወንበር መካከል የተቀመጠ ሰው ነው።

የብሎክ 12 ነዋሪ
ሁላችሁም ስለ ልጅቷ ታወራላችሁ። ክፍለ ሀገር ያለው ሆስፒታል ልኳት ነው የምትማረው፣ ስትጨርስ ተመልሳ ልታገለግል ግዴታ ገብታለች። እዚያ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ሰው በአምቡላንስ ስንት ሰዓት ይጓዛል? ብታቋርጥ የሚቀረው እሱ ነው። ይህን ያነሣ የለም።

የሬዚደንቷ እናት
አንሥታዋለች። ለዚህ ነው እስካሁን ያላቋረጠችው።

ሬዚደንቷ
አሁን ነው የገባሁት፣ ሁሉንም አነበብኩ። እማዬ፣ የእግሬን ነገር መጻፍ አልነበረብሽም።

የብሎክ 12 ጎረቤቴ፣ ልክ ነህ። እዚያ ሆስፒታል ሁለት ዓመት ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ሪፈር ብዬ የላክኋቸውን ሰዎች አስታውሳለሁ፤ የደረሱትን አይደለም፣ ደረሱ ወይ ብዬ የጠየቅሁትን።

ማቋረጥ ያሰብኩበትን ሌሊት ልንገራችሁ። ሠላሳ አራተኛው ሰዓት ላይ ነበርኩ፤ ሥራዬ ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን ብረት መያዝ ብቻ ነበር። ዓይኔ ሳይከደን ሄድኩ። ሾፌሩ «አንተ ግን የለህም» ያለው ነገር ነው፣ ከዚያ የተሻለ አባባል አላውቅም። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ አየችኝ። በእጇ ልትነካኝ አትችልም፣ እጃችን ንጹሕ ነው። ክርኗን ክርኔ ላይ አስደግፋ እስከ መጨረሻው ስፌት ድረስ ቆመች። አልተናገረችም፣ ለማንም አላሳበቀችም። ልብሳችንን ስናወልቅ ብቻ «ነገ ለእኔ ታደርጊዋለሽ» አለችኝ። የመጣሁት ላቋርጥ ነበር፣ በማግስቱ ግን ገባሁ።

ይገደብ ወይስ አይገደብ ካላችሁኝ፣ 24 ሰዓት ይሁን፤ ከዚያም ነርሷ እንዳሉት አልጋ ለአልጋ ርክክብ። መምህር፣ ከ24 በኋላ ያለው ሰዓት ምንም አላስተማረኝም፤ ያየሁትን ለማስታወስ ብሞክር እንኳ አይመጣልኝም። ደግሞ ማናችሁም ያላነሣችሁት መንገዱን ነው። ተረኝነት ጨርሼ ቃሊቲ ታክሲ ተራ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እሰለፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቆሜ ተኝቼ ወረፋዬ አለፈኝ።

ጡረተኛ መምህር፣ ብሎክ 4
ልጄ፣ ከ24 በላይ ስላለው ቃሌን አንሥቻለሁ። ስለ ዛሬ ልጆች ያልኩትን ግን አላነሣም፤ አንቺን አይመለከትም።

የሚኒባስ ሾፌር፣ ብሎክ 15
ዶክተር፣ ነገ ትገቢያለሽ? እኔ በ11 ሰዓት ነው የምነሣው፣ ሜክሲኮ ድረስ እሄዳለሁ። የፊት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም።

ሬዚደንቷ
እገባለሁ። 11 ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ማድረግ ይቻላል? ሕሙማንን የምንዞርበት ራውንድ 12 ሰዓት ተኩል ነው።

የሚኒባስ ሾፌር፣ ብሎክ 15
ከሩብ ጉዳይ። ከጅቦቹ ቀድመን እንወጣለን። ተኚበት እንጂ አታውሪኝ፣ ሜክሲኮ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ።